ደረጃው ያልተጠረገበት ሳምንት

ትናንት ከቀትር በኋላ፣ ትኩሳት አጋድሞኝ ሳለ፣ ሕልም አየሁ።

ከሕልሙ በፊት አንድ ነገር ልበል። የምማረው ጀርመን አገር፣ ሽቱትጋርት ከተማ ነው፤ የምኖረውም አንድ አሮጌ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ። እዚያ እያንዳንዱ ቤት በየተራው ለአንድ ሳምንት ደረጃውን ይጠርጋል፤ ተረኛው እንዲታወቅም በሩ ላይ ትንሽ የእንጨት ሰሌዳ ይንጠለጠላል። በዚህ ሳምንት ሰሌዳው እኔ በር ላይ ነበር። እኔ ግን ከአልጋ መነሣት አቅቶኝ ደረጃው ሳይጠረግ ሰነበተ። እንቅልፍ ሲወስደኝ የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ እዚህ ብሞት ማን ያውቃል? አገሬ ብሆን እናቴ ግንባሬን በእጇ ጀርባ ዳስሳ "እሳት ሆነሃል" ትለኝ ነበር። ያንን እጅ እየተመኘሁ አሸለብኩ።

በሕልሜ በሬ ሳይንኳኳ ተበረገደ። መጀመሪያ የገቡት የታችኛው ፎቅ ጎረቤቴ ፍራው ሄገለ፣ በእኛ ወይዘሮ ሄገለ፣ ነበሩ። ፍራው ሄገለ በውኑ ዓለም የገዛ ልጃቸውን ቤት እንኳ ያለ ቀጠሮ የማይረግጡ አሮጊት ናቸው። በሕልሜ ግን ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ደረታቸውን እየደቁ ገቡ።

"ወይኔ ልጄን! ወይኔ ጠራጊዬን!"

በመስኮት ባይ ደጃፉ ላይ ድንኳን ተተክሏል። የሕንፃው ሰው ወንበር ተሸክሞ ይጎርፋል። ከእኔ ፊት ለፊት የሚኖረው ሄር ባወር፣ በእኛ አቶ ባወር፣ እስከ ዛሬ "ደህና ዋሉ" ከማለት ያላለፈው ሰው፣ ጉንጮቼን እያገላበጠ ስሞ ስለ አባቴ፣ ስለ አጎቶቼና ስለ በሬዎቻችን ደህንነት አንድ በአንድ ጠየቀኝ። መልስ አልጠበቀም። ውሻው ከኋላው ቆሞ የእድር ጥሩምባ ይነፋል። ቀጥሎ አንድ የባቡር ነጂ ተሳፋሪዎቹን በሙሉ አስከትሎ ገባ።

"ባቡሩስ?" አልኩት።

"ባቡር ዘመድ የለውም፤ እኔ አለኝ" ብሎ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

"ኧረ እኔ አልሞትኩም!"

"ዝም በል አንተ!" አሉኝ ፍራው ሄገለ። "ድንኳን ተክለን፣ ንፍሮ ቀቅለን፣ አሁን ልታዋርደን ነው?"

"አሞኛል እንጂ..."

"ብላ! በሞቴ!" የድንች ሰላጣ አድቦልቡለው አፌ ውስጥ ከተቱት።

"አንድ ያጣላል!" ብሎ ሄር ባወር ደገመኝ። ተሳፋሪዎቹም ለማጉረስ ተሰለፉ።

ቤቱ በሰው ጢም ብሎ ሞልቶ፣ ግንባሬን የነካ ግን አንድም አልነበረም።

ያን ጊዜ ከመንገዱ ማዶ እናቴን አየኋት። ግራጫ ካፖርት ለብሳ የእግረኛ መብራት ሥር ቆማለች። መብራቱ ቀይ ነው። መንገዱ ላይ መኪና የለም፤ አንዲት ቀንድ አውጣ ብቻ ቀስ ብላ ታልፋለች።

"እማዬ፣ ነይ እንጂ!"

"ቀይ ነው፣ አቶ ምናሴ። ሕፃናት ቢያዩኝ ምን ይማራሉ?"

"የምን ሕፃን? ማንም የለም እኮ!"

"ሊወለድ ይችላል።"

"አሞኛል፣ እማዬ። ግንባሬን ንኪኝ።"

"የዛሬ ሦስት ሳምንት ሐሙስ ይመችዎታል? ሳይጋበዙ የሰው ግንባር መንካት ነውር ነው። የግል ኑሮዎን አከብራለሁ።"

ይህን ስትል ዓይኗ እንባ አቅርሯል። ደግሞም እውነቷን ነበር፤ ከልቧ አክብራኝ ነው።

ወደ እሷ ልሮጥ ስነሣ ለቀስተኞቹ እግሬን ለቀም አደረጉት። "አስከሬን አይሄድም!" አለኝ ውሻው ጥሩምባውን አውርዶ። ድንገት መብራቱ አረንጓዴ ሆነ። እናቴ አንድ እግሯን አነሣች። መብራቱ መጮህ ጀመረ፤ ጮኸ፣ አሁንም ጮኸ...

የበሬ ደወል ነበር።

ግድግዳውን ተደግፌ ሄጄ ከፈትኩ። እውነተኛዋ ፍራው ሄገለ ናቸው፤ በአንድ እጃቸው መጥረጊያ፣ በሌላው ክዳን ያለው ድስት ይዘው ከደፉ ውጭ ቆመዋል። ሊቆጡኝ የመጡ መስሎኝ ቀደምኳቸው።

"ይቅርታ፣ ደረጃውን ሳልጠርግ..."

"እርስዎ ተራዎን ዘለው አያውቁም" አሉኝ። "ስለዚህ ወይ ሞተዋል ወይ ታመዋል አልኩ። የትኛው ነው?"

"ታምሜ ነው።"

"ጥሩ።" ድስቱን አቀበሉኝ፤ የዶሮ ሾርባ ይሸታል። መጥረጊያውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው እጃቸውን በሽርጣቸው ጠራረጉ። ከዚያ ትንሽ አመነቱ።

"ግንባርዎን ብነካው ይፈቅዱልኛል?"

ፈቀድኩላቸው። ደፉን ሳይሻገሩ ክንዳቸውን ብቻ ዘረጉ። የእጃቸው ጀርባ ቀዝቃዛና ሻካራ ነበር፤ ቶሎም አላነሡት።

"እሳት ነው" አሉ።

እንባዬ መጣ። እሳቸው አላዩኝም፤ ወይም እንዳላዩ ሆኑ። ሰሌዳውን ከበሬ ላይ አውርደው በብብታቸው ያዙት።

"ይህን ሳምንት እኔ ጠርጌያለሁ። ሲድኑ የእኔን ተራ ይጠርጋሉ።"

መጥረጊያቸውን አንሥተው መውረድ ጀመሩ። መሐል ላይ ሲደርሱ ቆም ብለው ቀና አሉ።

"ሄር ምናሴ፣ ለመሞት ካሰቡ ግን አስቀድመው ይንገሩኝ። ተራው መስተካከል አለበት።"