ከባድ ማርሽን ስለ መከልከል የተያዘ ቃለ ጉባኤ

ዕለት፦ ሲዘንብ ያደረ ሐሙስ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት።
ቦታ፦ የጤና ጣቢያው መሰብሰቢያ ክፍል፣ በመኪና ማቆሚያው በኩል ያለው መስኮት ተከፍቶ።

የተገኙ አባላት፦ የጤና ጣቢያው ኃላፊ (ሊቀመንበር)፣ የንብረት ክፍል ኃላፊዋ፣ አውሎ የሚባለው ሾፌርና ጸሐፊው። አዋላጇ ቦርሳዋን ታቅፋ መኪናው ውስጥ ተቀምጣ «ካልሄድን አልወርድም» ስላለች፣ ድምጿ በመስኮቱ እስከተሰማ ድረስ እንደተገኘች እንድትቆጠር ተስማምተናል። ከአምስት አባላት ሦስቱ ከተገኙ ስብሰባው ሕጋዊ ስለሆነ ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል።

አጀንዳ፦
1. የመስክ መኪናችን በጭቃማው የተራራ መንገድ በደህና ስለሚነዳበት ሁኔታ
2. ልዩ ልዩ

ወደ አጀንዳው ከመገባቱ በፊት ጸሐፊው እጁን አውጥቶ፣ እህቱ ተራራው ላይ ምጥ ይዟት ማደሩን፣ መኪናውም አሁኑኑ መውጣት እንዳለበት አስረዳ። ሊቀመንበሩ ከልብ ማዘናቸውን ገልጸው ጉዳዩ የግል ስለሆነ በልዩ ልዩ ይታይ አሉ። የመኪናው ቁልፍ ያለው እሳቸው ኪስ ውስጥ ነው። ጸሐፊው ዝም አለ፤ ዝምታውም እንደ ስምምነት ተመዘገበ። የመዘገበው ራሱ ነው፤ ምን ያድርግ።

አጀንዳ 1
ሊቀመንበሩ እንደገለጹት፣ ባለፈው ሳምንት አውሎ መንገዱ ላይ የተኛውን ውሃ ጥልቀት ወርዶ ሳያይ ገብቶ መኪናዋ በበሬ ተጎትታ ነው የወጣችው። አውሎ ጥፋቱ የጭቃው እንደሆነ መለሰ። ቀጥሎም ዳገቱን ሳይቆሙ በከባድ ማርሽ መውጣት፣ ቁልቁለቱንም በዚያው ማርሽ ፍሬን ሳያበዙ መውረድ፣ ጎማውን ደግሞ ትንሽ ማስተንፈስ እንደሚያስፈልግ ተናገረ።

የንብረት ክፍል ኃላፊዋ መኪናዋ አርጅታለችና ከባድ ነገር አይገባባትም ሲሉ ተቃወሙ። አውሎ ከባድ ማርሽ ማለት ቀስ የሚለውና ጉልበት ያለው እንደሆነ፣ ክብደቱ የስም ብቻ እንደሆነ አስረዳ። ሊቀመንበሩ ስም ያለ ምክንያት አይወጣም አሉ። ኃላፊዋ ፍሬን ካልተያዘ አዲሱ የፍሬን ሸራ ለምን ተገዛ ብለው ጠየቁ፤ የጎማው አየርም የመሥሪያ ቤቱ ንብረት ስለሆነ በማን ፊርማ እንደሚወጣ እንዲነገራቸው አሳሰቡ። አዋላጇ ከውጭ የተናገረችው ለቃለ ጉባኤ የሚሆን አልነበረም።

ሊቀመንበሩ ስለ አነዳድ ሰፊ ማብራሪያ ሲሰጡ አውሎ «ልጅ ለናቷ ምጥ አስተማረች» አለ። ጸሐፊው ምጥ የሚለው ቃል በዋዛ እንዳይነሳ ጠየቀ። ሊቀመንበሩ አጀንዳ እንዳይደባለቅ አስጠነቀቁት።

ከረጅም ውይይት በኋላ ከባድ ማርሽ እንዲከለከል፣ በቁልቁለት ፍሬን ያለማቋረጥ እንዲያዝ፣ አየሩም ባለበት እንዲጠበቅ በድምፅ ብልጫ ተወሰነ።

የውሳኔውን ትክክለኛነት ለማሳየት ሊቀመንበሩ ራሳቸው በቀላል ማርሽ ግቢውን አንዴ ሊዞሩ ወረዱ። መኪናዋ ከበሩ ሳትደርስ ጭቃው ውስጥ ቆመች። ነዳጅ በረገጡ ቁጥር እስከ ሆዷ ሰመጠች። አባላት እንዲገፉ ታዘዙ። የንብረት ክፍል ኃላፊዋ ከኋላ ጎማው በኩል ስለቆሙ ጭቃው ከፀጉራቸው እስከ ጫማቸው ደረሳቸው፤ ጸሐፊው በዚህ ተደስቷል፤ አይክድም።

በዚህ ጊዜ አውሎ በሩን ከፍቶ ሊቀመንበሩን ወደ ጎን ወንበር ገፋ አደረጋቸው፤ ጎማዎቹን አስተነፈሰና ከባድ ማርሽ አስገባ። መኪናዋ እያጓራች ወጣች። ከጭቃ የወጣ መኪና ከቆመ መልሶ ይያዛል በማለትም ሳያቆም በበሩ ወጥቶ ወደ ተራራው አቀና። ሊቀመንበሩ በመኪናው መስኮት «ቁም!» ሲሉ ያቀረቡት ሐሳብ ደጋፊ ስላላገኘ ወደቀ።

አጀንዳ 2
የንብረት ክፍል ኃላፊዋ ፊታቸውን እየጠረጉ፣ በሁለት ሰው ስብሰባ ይቀጥላል ወይ ሲሉ ጠየቁ። በዚሁ መካከል ሊቀመንበሩ ከገደሉ አፋፍ ለጸሐፊው ደወሉ። «የወሰንነው ሁሉ ተሽሯል ብለህ ጻፍ። ከባድ ማርሽ ይግባ፣ አየሩም ይውጣ። ይሄ ሰውዬ ብቻ ፍሬኑን እንዳይነካ!» አሉ።

ኃላፊዋ ይህ ሕገወጥ ነው አሉ። ጸሐፊው ግን ከአባላቱ ሦስቱ መኪናው ውስጥ በመሆናቸው ምልዓተ ጉባኤው ያለው ተራራው ላይ እንደሆነ አመለከተ። ስለዚህ በዛሬው ዕለት የተወሰነው ሁሉ እንዳልተወሰነ እንዲቆጠር በሙሉ ድምፅ ተወስኗል።

ከዚያ ወዲያ ማንም አልደወለም። ጸሐፊው ስልኩን እያየ ተቀመጠ። መፍራቱን ከማንም አልደበቀም፤ ኃላፊዋም ጭቃ በነካው እጃቸው ትከሻውን ያዙት። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አዋላጇ ደውላ ሴት ልጅ መወለዷን፣ እናትና ልጅ ደህና መሆናቸውን ስታሳውቅ ስብሰባው ተዘጋ።

ማሳሰቢያ፦ በዚህ ቃለ ጉባኤ ላይ የሊቀመንበሩ ፊርማ የለም። አዋላጇ እንዳለችው፣ እህቴ ምጡ ሲጠናባት የያዘችውን የሳቸውን ቀኝ እጅ ሳትለቅ ከወለደች በኋላ እንቅልፍ ወስዷታል፤ እሳቸውም እንዳትነቃ ብለው አልተነቃነቁም።