ስለ አጃው ምንም የማይሉት አማት

ምግብ ነቃፊ የሌለበት ቤት የለም፤ ነቃፊ ሁሉ ግን እኩል አይደለም። «ጨው በዝቷል» ብሎ በግልጽ የሚናገረውን ሰው «ካልጣመህ ተወው» ብሎ መገላገል ይቻላል። አስቸጋሪው «እኔ ምንም አልልም» ብሎ የሚጀምረው ነው። ምንም ላላለ ሰው ምን ተብሎ መልስ ይሰጣል? ያለው አማራጭ ሳህኑን አንስቶ ወደ ጓዳ መመለስና እዚያ ቆሞ ራስን መመርመር ነው።

ይህን ሰው ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። አጎታችሁ ይሆናል፤ መሥሪያ ቤት ከጎናችሁ የሚቀመጠው ይሆናል። ሠርግ ተጠርቶ፣ አንዴ የጎረሰውን ሥጋ ከግራ ጉንጩ ወደ ቀኝ ጉንጩ ሲያመላልስ ቆይቶ፣ «እኔ እንኳ ምንም አልልም፤ ግን ይሄ በሬ ከእኔ ጋር ነው መሰለኝ ጡረታ የወጣው» የሚለው እሱ ነው። ወዳጁ አዲስ ቤት ሠርቶ «ግባና እይልኝ» ሲለው፣ ሳሎኑ መሐል ቆሞ ጣሪያውን እያንጋጠጠ «ምንም አልልም፤ ግን ዝናብ ሲጥልም እዚሁ ነው የምታድሩት?» የሚለውም እሱ ነው።

የዚህ ወገን አለቃ፣ የምንም-አልልም ማኅበር የዕድሜ ልክ ሊቀ መንበር፣ ክቡር አባባ ጠራዡ ናቸው። ጠራዡ የተባሉት በሥራቸው ነው፤ ዕድሜያቸውን በአንድ ማተሚያ ቤት ምድር ቤት ውስጥ መጽሐፍ ሲጠርዙ ኖረዋል። ጡረታ ወጥተው፣ ሚስታቸውም ካረፉ ወዲህ የሚኖሩት ከወንድ ልጃቸውና ከምራታቸው ጋር ነው። ልጁ የማለዳ አውቶቡስ ስለሚነዳ ወፍ ሳይንጫጫ ከቤት ይወጣል። ስለዚህ ቁርስ ላይ የሚገናኙት ሁለቱ ብቻ ናቸው፤ አባባ ወንበራቸው ላይ ተደላድለው፣ ምራታቸው ደግሞ የምትሠራበትን ፋርማሲ ለመክፈት እየተጣደፈች፣ አንድ እግሯን ጫማ ውስጥ ከታ።

አባባ ከምላሳቸው በፊት የሚቀምሱት በጣታቸው ነው። ዳቦ ሲቀርብላቸው መጀመሪያ ይዳብሱታል። ብርቱካን ይጫኑታል። አዲስ ሸሚዝ ሲገዛላቸው ቀለሙን ሳያዩ ጨርቁን በሁለት ጣታቸው አሸት አድርገው፣ «ምንም አልልም፤ ግን ይሄ ለደብተር ሽፋንም አይሆን» ይላሉ። ለጣዕም ብዙም አይጨነቁም። የሚያስጨንቃቸው ነገሩ እጅ ላይም ሆነ አፍ ውስጥ እንዴት እንደሚሆን ነው።

እንግዲህ እኚህን ሰው ነው ሐኪሙ «ከዛሬ ጀምሮ ጠዋት ጠዋት አጃ» ያላቸው። የደማቸው ስብ ከፍ ብሏል፤ ዳቦ በቅቤ፣ እንቁላል በቅቤ፣ ማንኛውም ነገር በቅቤ ቀርቷል። ምስኪን ሐኪም ቀላል ነገር ያዘዘ መስሎታል።

የመጀመሪያው ቀን ምራቲቱ አጃውን በቀዝቃዛ ውሃ ጥዳ፣ እንዳያርባት እያማሰለች አበሰለችው። አባባ ማንኪያውን ሰክተው ለቀቁት። ማንኪያው ቆመ። ሁለቱም አዩት።

«እንዴት ነው አባባ?»

«እኔ ምንም አልልም።»

«ይናገሩ እንጂ።»

«ጣዕሙን አልነቅፍም። አፍ ውስጥ ሲገባ ግን፣ እንዴት ልበልሽ ልጄ፣ እኔ ልውጠው ስል እሱም ሊውጠኝ የሚያስብ ይመስላል። ይለጠፋል።»

ከዚያ በኋላ የመላ ዘመን መጣ። በማግስቱ በወተት ሠራችው። «ምንም አልልም፤ ግን አሁን ደግሞ ያንሸራትታል» አሉ። ሙዝ ከትፋ ጨመረችበት። ሙዙን ለቅመው በሉና፣ «ልስልስ ላይ ልስልስ ጨመርሽበት» ብለው አጃውን ባለበት ተዉት። ማታ በእርጎ ዘፍዝፋ አሳድራ ቀዝቃዛውን ብታቀርብላቸው፣ አንድ ማንኪያ ቀምሰው «የማላውቀው ሰው እጅ የጨበጥኩ መሰለኝ» አሉ። ፈጭታ፣ በጥብጣ፣ በብርጭቆ ሰጠቻቸው። «መብላቱ ሲያቅተኝ በመጠጥ መጣችብኝ» ብለው ፊት ለፊታቸው ላለው ግድግዳ ነገሩት።

አንድ ቀን ከሽንኩርትና ከእንቁላል ነጭ ጋር ለውሳ፣ ጠፍጥፋ፣ መጥበሻ ላይ ጠበሰችው። አባባ ግማሹን በሉ። ምራቲቱ ልብ ልብ አላት።

«ጥሩ ነው?»

«ጠርዙ ጥሩ ነው።»

ቀኑን ሙሉ፣ መድኃኒት እየቆጠረች፣ ጠርዝ ብቻ ያለው ምግብ እንዴት እንደሚሠራ ስታሰላስል ዋለች። ማታ ለባሏ ብታማርር ሾፌሩ ጫማውን እየፈታ፣ «አባቴን አታውቂውም እንዴ? እናቴንም እኮ ዕድሜዋን ሙሉ ምንም አላላትም» አላት። ይህ እንደ ማጽናኛ የተነገረ ነበር።

መላው ሁሉ ባለቀ ጊዜ፣ እሷም ተስፋ ቆርጣ ወደ መጀመሪያው ወደ ቀዝቃዛ ውሃው በተመለሰችበት ጠዋት፣ ማንኪያው እንደገና ሳህኑ መሐል ቆሞ ሳለ አባባ በድንገት ጠየቋት።

«በቀዝቃዛ ውሃ ነው የምትጥጂው?»

«አዎ።»

«ታማስይዋለሽ?»

«እጄ እስኪዝል።»

«ደግ አድርገሻል። እኛም ማጣበቂያ ስንሠራ እንደዚያው ነው። ዱቄቱን በቀዝቃዛ ውሃ እንበጠብጣለን፣ ለዘብ ባለ እሳት እንጥዳለን፣ ከዚያ ማማሰል ነው። ካላማሰልሽው አይዝም። የአንቺ ይዟል። እኔ ምንም አልልም፤ መዝገበ ቃላት ይጠረዝበታል።»

ምራቲቱ አኩርፋ ወጣች። ነገሩ የበራላት ፋርማሲው ውስጥ፣ ለአንዲት ሴትዮ የሳል ሽሮፕ እያቀበለች ሳለ ነው። ማጣበቂያ እንደዚያ የሚሠራ ከሆነ፣ ማጣበቂያ እንዳይሆን የተፈለገ ነገር በተቃራኒው መሠራት አለበት። «መማሰል የለበትም» አለች ጮክ ብላ። ሴትዮዋም ሽሮፑን ጨርሶ እንደማታማስለው ቃል ገብታ ሄደች።

በማግስቱ አጃውን በደረቅ መጥበሻ፣ መልኩ እስኪቀላና ሽታው ቤቱን እስኪሞላ አመሰችው። ውሃውን ለብቻው ጨው ጣል አድርጋበት አፈላች። ሲንተከተክ አጃውን ዘረገፈችበትና እጇን ሰበሰበች። ማማሰል የለመደ እጅ ሥራ ሲፈታ ያሳክካል፤ ወደ ኋላዋ አጣምራ ያዘችው። ውሃው ሲጎድል ከእሳት አውርዳ ከደነችው። ክዳኑን ስታነሳ ፍሬው ተለያይቶ፣ እያንዳንዱ በየራሱ ቆሞ አገኘችው። የተቆላ ለውዝ በተነችበትና አቀረበች።

አባባ ጎረሱ። አላመጡ። የሚላመጥ ነገር በመሆኑ ራሳቸውም የተገረሙ ይመስል ደግመው አላመጡ። ሳህኑ ባዶ ሆነ።

«እሺ፣ እንዴት ነበር?»

«እኔ ምንም አልልም፤ ግን ለውዙ አነሰ።»

ምራቲቱ ያን ቀን መንገድ ለመንገድ ብቻዋን እየሳቀች ነው ሥራ የገባችው። አነሰ የተባለው ለውዙ ነው፤ አጃው ላይ የተነገረ ነገር የለም። ከእሳቸው አፍ ይህ ከሜዳሊያ አይተናነስም።

ከዚያ ወዲህ ሳህኑ በየቀኑ ባዶ ይመለስ ነበር፤ ነቀፌታውም አልቀረም። እንዲያውም አባባ ከወንበራቸው ተነስተው ጓዳ ድረስ እየመጡ፣ ከኋላዋ ቆመው ነበር ምንም የማይሉት። ወደ ጠረጴዛው ሲመለሱ የማተሚያ ቤቱን ወግ ይጀምራሉ፤ አንዱን መጽሐፍ ገልብጠው ጠርዘውት ደራሲው ሳያውቅ አመስግኖ እንደወሰደው፣ አለቃቸው ማጣበቂያው ውስጥ ክራቫታቸውን እንዴት እንደነከሩ። ምራቲቱ መቼ እንደጀመረች ሳታውቀው ጫማዋን ማድረግ ትታ ፊት ለፊታቸው ቁጭ ብላ መስማት ጀምራለች። ፋርማሲውም አንዳንድ ቀን ትንሽ እያረፈደ ይከፈት ነበር።

ወሬ ግን ቀድሞ ሄዷል። አባባ ያኔ በማጣበቂያው ዘመን፣ ሌላ ከተማ ለምትኖረው ሴት ልጃቸው በስልክ «እኔ ምንም አልልም ልጄ፤ ግን ዕድሜ ልኬን ያበሰልኩትን ማጣበቂያ በስተርጅና እየበላሁት ነው» ብለዋት ነበር። ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል፤ ጩኸቱን ደግሞ ልጅ ሰምታለች። ለወንድሟ ሚስት ደወለችላት።

«አንቺን ልነቅፍ አይደለም እህቴ፤ ሥራ አለብሽ» አለቻት። «እኔ ቤት ግን ሠራተኛ አለች፤ ሰፊ ክፍልም አለው። ቅዳሜ ጠዋት እመጣለሁ። ካልበላ ይዤው እሄዳለሁ።»

ምራቲቱ ስልኩን ዘግታ ቁጭ አለች። ደስ ሊላት ይገባ ነበር፤ ከስንት ነገር መገላገል ነው። ደስ አላላትም። ያ ወንበር ጠዋት ጠዋት ባዶ ሆኖ ታያት። ሄዳ ለአባባ ነገረቻቸው።

«እኔ ምንም አልልም» አሉ።

ጠበቀች። «ግን» ሳይመጣ ቀረ። እዚያ ቤት ከገባች ጀምሮ «ግን» ሲቀር የመጀመሪያው ነው፤ በእውነት የፈራችውም ያኔ ነው።

ቅዳሜ ክብርት ልጃቸው በመጀመሪያው አውቶቡስ ደረሰች፤ ቦርሳዋን እንኳ ሳታስቀምጥ ቀጥታ ጓዳ ገባች። ውሃ ይጠጣል ወይ? ይተኛል ወይ? ፊቱ ለምን እንዲህ ሆነ? ሐኪሙ በትክክል ምን አለ? የምራቲቱ አፍ ይመልሳል፤ እጇ ደግሞ በራሱ ይሠራል። የደነገጠ እጅ የሚያውቀው የድሮውን ነው። ነቅታ ድስቱን ስታየው አጃው ሳይታመስ በቀዝቃዛ ውሃ ተጥዷል፣ ያ ሁሉ ጥያቄ እስኪያልቅ ሲማሰል ቆይቷል፣ ማንኪያውም ቀጥ ብሎ ቆሟል። ሌላ ልትሠራ ፓኬቱን ብታራግፈው ባዶ ነው።

አቀረበችው፤ ሌላ ምን ታደርጋለች?

እህቲቱ እንደ ፈታኝ ፊት ለፊት ተቀመጠች። አባባ ሳህኑን አዩ፤ ከዚያ ምራታቸውን አዩ። ምራቲቱ ወለሉን አየች። አባባ ማንኪያውን ከተተከለበት ነቅለው ጎረሱ። መዋጡ ጊዜ ወሰደ።

«እንዴት ነው አባዬ?»

«ይጣፍጣል።»

እህቲቱ ደንግጣ ከወንበሯ ተነሳችና እጇን ግንባራቸው ላይ አሳረፈች። «አሞሃል እንዴ?»

«እንዲህ ያለ ምግብ እየበላሁ ምን ያመኛል። እጇ ይባረክ።» ደግመው ጎረሱ።

«አንተ ይጣፍጣል ስትል ሰምቼ አላውቅም። እማዬንም ብለሃት አታውቅ።»

«እሱ ይቆጨኛል» አሉ አባባ። ይህን ሲሉ እየቀለዱ አልነበረም።

እህቲቱ አሁንም አላመነችም። «እስቲ ልቅመሰው» ብላ ማንኪያ አነሳች። አባባ ሳህኑን በክንዳቸው ከለሉት።

«ሐኪም ለእኔ ያዘዘውን መድኃኒት ልትቀምሺብኝ ነው?» ብለው የቀረውን ጠራርገው ጎረሱና ሳህኑን ለምራታቸው ዘረጉ። «ጨምሪልኝ ልጄ።»

ካፈርኩ አይመልሰኝ ማለት ይሄ ነው። ሁለተኛው ሳህን እስኪወጣ አጃው ይበልጥ ደርቆ ስለነበር እየተቆረጠ ነው የቀረበው። አባባ ግንባራቸውን ላብ ላብ እያላቸው፣ ለልጃቸው ፈገግ እያሉ፣ በየመሐሉ «እሰይ» እያሉ ጨረሱት።

እህቲቱ በዓይኗ አይታ ረካች፤ ከሰዓት በኋላም ብቻዋን ተመለሰች። በር ላይ ምራቲቱን አቅፋ፣ «ምን እንዳደረግሽው አላውቅም፤ ሰውዬው ሌላ ሰው ሆኗል» አለቻት።

ምራቲቱ ሸኝታት ስትመለስ ድስቱን ልታጥብ ጓዳ ገባች። ከታች የቀረ ነበር። ያን ሁሉ ጊዜ ስታበስል እሷ የምትበላው ዳቦ በሻይ ነበርና አጃውን አንድም ቀን ቀምሳው አታውቅም። በማንኪያ ጫፍ አንስታ ጎረሰች። ላንቃዋ ላይ ተለጠፈ። በምላሷ ልታላቅቀው ስትል ምላሷንም ያዘው። ልትውጠው ሞከረች፣ እምቢ አለ፤ የዕቃ ማጠቢያው ገንዳ ውስጥ ተፋችው።

እሷን አንዲት ጉርሻ ያቃታትን ነገር አባባ ሁለት ሳህን ሙሉ በልተዋል፤ የበሉትም ከእሷ ላለመለየት ነው። ይህ ሲገባት እንባዋ መጣ፤ ሳቋም አብሮ መጣ። አፏን ተጉመጥምጣ ወደ ሳሎን ሄደች።

አባባ ሶፋው ላይ ጋደም ብለው ሆዳቸውን በሁለት እጃቸው ይዘዋል። ዓይናቸው ተጨፍኗል። አጠገባቸው ተቀመጠች።

«አባባ» አለቻቸው፣ «አንድ ማንኪያ እንኳ ባይበሉ እኮ ለእሷ አልሰጥዎትም ነበር።»

አባባ አንድ ዓይናቸውን ገለጥ አድርገው አዩዋት።

«እንዲያ ከሆነማ» አሉ፣ «ሁለተኛውን ሳህን በከንቱ ነው የበላሁት።»