አልነካኝም ባዩ ኦቦ ባጫ

ሱሉልታ ላይ ድርቆሽ ታጭዶ የሚከመርበት ወቅት ሲደርስ ልቤ ዛሬም ይሸፍታል። ጠዋት ብርዱ ጣት ያደነዝዛል፤ ፀሐይ ስትበረታ ግን ሜዳው ሁሉ ድርቆሽ ድርቆሽ ይሸታል፣ ሰውም ያለ ምክንያት ደስ ይለዋል።

መቼም የማይሸነፍ ሰው የሌለበት ሰፈር የለም። የኛው የባህር ዛፉ ጫካ ዘበኛ፣ ኦቦ ባጫ ነበር። ከአዲስ አበባ ወጣቶች እየመጡ ጫካው ውስጥ በቀለም ጥይት ይታኮሳሉ፤ ፔይንትቦል ይሉታል። የሚለብሱትን ዥንጉርጉር ቱታ የማጥበው እኔ ነኝ። ሰው ሲጎድላቸው ባጫን ያስገቡታል። ቀለም ያረፈበት እጁን አንስቶ "ሞቻለሁ" ብሎ መውጣት አለበት። ክቡር ጄኔራል ባጫ ግን ከአናቱ እስከ ቦቲው ብርቱካንማ ሆኖም "አልነካኝም!" ነው።

"ኦቦ ባጫ፣ ጆሮዎት ውስጥ ሳይቀር ቀለም አለ እኮ!" ትለዋለች ፀዲ የምትባል ተጫዋች።

"የዛፉ ነው።"

"ዛፍ ጆሮ አለው እንዴ?"

"የሱሉልታ ዛፍ አለው።"

አንድ ቀን "ምናለ ብትሸነፍላቸው?" ስለው፣ "አዴ ተረፈች፣ አንቱም እንደነሱ ሆኑ? ሰው በእግሩ ቆሞ ሞቻለሁ ይላል? ሟርት ነው!" አለኝ። ሽንፈት አልወድም አይልም!

የማስተር ፕላኑ ተቃውሞ በተነሳበት ዓመት፣ ልጆቹ እየተጫወቱ ሳለ መንገዱ በድንጋይ ተዘጋ። ከወደ ከተማው የእውነት ተኩስ ተሰማ። የተቆጡ የሰፈራችን ወጣቶች ወደ ጫካው ሲወርዱ፣ በዛፎቹ መሃል የወታደር የሚመስል ልብስና ጠመንጃ አዩ። ድንጋይ አነሱ። ፀዲ ከግንድ ኋላ ተሸጎጠች፤ እኔ ልብስ ማጠቢያ ሳፋው አጠገብ ቁጢጥ አልኩ።

ያን ቀንም አብሯቸው ሲጫወት የነበረው ባጫ የቀለም ጠመንጃውን ወርውሮ፣ ሁለት እጁን ሰቅሎ ወጣላቸው።

"ዱኤራ! ሞቻለሁ! ቀለም ነው ልጆቼ፣ ጨዋታ ነው! ሁላችንም ሞተናል!"

ከፊት የነበረው ልጅ አፈጠጠበት። "ኦቦ ባጫ? አንቱ ተሸነፉ?" ሳቅ አመለጠው። ሌሎቹም ባጫን ያውቁታልና ሳቁ፤ ድንጋዩን እየጣሉ ተመለሱ። እሱም ተጫዋቾቹን ቱታ አስወልቆ በእርሻው በኩል ሸኛቸው።

ሲመለስ ፊቱ አመድ መስሏል። "አዴ፣ ሞቻለሁ ያልኩትን ፈጣሪ ይቆጥርብኝ ይሆን?"

"ለሰው ብለህ ያልከውን? አይቆጥርብህም" አልኩት። አላመነኝም መሰለኝ።

ከዚያ ወዲህ ተጫዋች አልመጣም። ጫካው ተመንጥሮ ቤት ተሠራበት፤ ባጫም እንጀራ ፍለጋ ሄደ። ያሁኖቹ ጎረቤቶቼ ገና ክርክር ሳልጀምራቸው "ልክ ነዎት እማማ" ይሉኛል። ከነሱ ጋር ምን ይወራል?

አምና ውብአየሁ የምትባል ዘመዴ ሆለታ አግኝታዋለች። ሸብቷል፣ ግን ደህና ነው። የአበባ እርሻ በር ይጠብቃል።