የጋሽ ኢያቄም አርባ አንድ የገና ዱላዎች

በየሰፈሩ ዕቃ የሚገዛ ሰው አለ፣ ዕቃ የሚሸጥ ሰው አለ፣ ዕቃ የሚያወዳድር ሰውም አለ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ጉዳያቸውን ጨርሰው ቤታቸው ይገባሉ። ሦስተኛው ግን አይጨርስም። እናንተም ታውቁታላችሁ። አዲስ ጫማ አድርጋችሁ ስትወጡ መንገድ ላይ አስቁሞ፣ ጎንበስ ብሎ ሶሉን ነካክቶ፣ «ጥሩ ነው» ይላል። ሦስት እርምጃ እንደ ሄዳችሁ ደግሞ ከኋላ ይጠራችኋል፦ «ግን ከምን ጋር አወዳደርኸው?» ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ጫማው ይጠብባችኋል።

የእኛ ሰፈር አወዳዳሪ ክቡር አቶ ኢያቄም ናቸው። ላሊበላ ገበያ ዳር፣ በረንዳ ላይ ልብስ ይሰፋሉ። ሜትራቸውን ከአንገታቸው አውልቀው አያውቁም፤ ቤተ ክርስቲያን ሲሳለሙም፣ ለቅሶ ሲደርሱም አብሯቸው ነው። እኔ የሰፈራቸው ልጅና የልጆቻቸው አስተማሪ ስለሆንኩ ጋሼ እላቸዋለሁ።

አንድ ዓመት ለፋሲካ በግ ሊገዙ ብልባላ ሄዱ። ላቱ የሚያስጎመጅ በግ አገኙ፤ ነገር ግን የሙጃን ገበያ ሳያዩ መወሰን ለሕሊናቸው ከበዳቸው። ሙጃ ሲደርሱ ቁመናው የሚያምር በግ አገኙ፤ ላቱ ግን እንደ ብልባላው አልሆነላቸውም። ወደ ብልባላ ሲመለሱ የመጀመሪያው በግ ተሸጧል። ያን ዓመት በቤታቸው ጾሙ የተፈታው በእንቁላል ነው።

«ታዲያ ሚስት እንዴት አገቡ?» ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል። እኔም ባለቤታቸውን እትዬ የሻረግን ጠይቄያቸዋለሁ። ከት ብለው ሳቁ። «ኧረ አባቱ ናቸው ያጩኝ! ለሱማ ቢተውለት ኑሮ፣ እስከዛሬ ኩልመስክ ያለችውን ሳላይ እያለ በሽበቱ ይዞር ነበር።» ጋሽ ኢያቄም ከስፌት መኪናቸው ቀና ሳይሉ፣ «አባቴማ ሳያወዳድሩ ነው ያጩልኝ፤ ዕድል ነው የቀናኝ» አሉ። ይህ ከሳቸው አፍ ሲወጣ ትልቅ የፍቅር ቃል መሆኑን እትዬ የሻረግም አላጡትም።

በግና ጫማ ግን መለማመጃ ናቸው። የጋሽ ኢያቄም ዋና ጉዳይ የገና ዱላ ነው፤ በገና ጨዋታ እሩር የምትባለውን ኳስ የምንመታበት።

ነገሩ የተጀመረው የዛሬ ስምንት ዓመት ነው። አስጎብኚው አዳም ሱሪ ሊያሳጥር መጥቶ በረንዳው ላይ ቁጭ ብሎ ስልኩን ይጎረጉራል። በስልኩ ምስል ላይ ሁለት ፈረንጆች በአንድ ሰፊ ሣር ላይ ቆመው፣ ጎልፍ በሚሉት ጨዋታቸው ኳስ ሩቅ የሚልኩበትን ትልቁን ዱላ እየቀያየሩ ይመታሉ። በመቱ ቁጥር ያወራሉ፤ ባወሩ ቁጥር ሌላ ዱላ ያነሣሉ። ጋሽ ኢያቄም መኪናቸውን አቆሙ።

«ምንድን ነው የሚሉ?»

«ዱላ እያወዳደሩ ነው ጋሼ። ይሄኛው ርቀት አለው ይላል። ያኛው ደግሞ ምሕረት አለው ይላል።»

«የዱላ ምሕረት ምንድን ነው?»

«አስተካክለው ባይመቱም እንኳ ኳሷን ቀጥ አድርጎ ይልካታል። የመቺውን ጥፋት ይቅር ይላል ማለት ነው።»

ጋሽ ኢያቄም ወደ ስልኩ ተጠግተው ፈረንጆቹን አዩ። ቀጥለው፣ «ለካ ብቻዬን አይደለሁም» አሉ። የአዳም ሱሪ በሳምንቱ አለቀ፤ አንዱ እግር ከሌላው አጠር ብሎ።

ከዚያ በኋላ ላስታ ውስጥ ያልቆረጡበት ቁጥቋጦ የለም። ጫፉ በተፈጥሮው ቆልመም ያለ እንጨት ካዩ ከመንገድ ይወጣሉ። ቅርፊቱን ልጠው፣ በትኩስ አመድ ለብልበው፣ ቅቤ ቀብተው ጭስ ላይ ይሰቅሉታል። ትምህርታቸውም በቃል የምይዘው ሆኗል። «ወይራ ይርቃል፤ ግን ቂም ይይዛል። በዱላው ልብ ከመታህ ደግ ነው፤ ትንሽ ስተህ በአፍንጫው ከመታህ ግን እሩሯን የሰው ክምር ላይ ይሰድድብሃል። ቀጋ ይቅር ይላል፤ ግን እሩሯን ከዚህ እዚያ አያደርስም።» ሁለቱንም የያዘ አንድ ዱላ በዚህ ምድር ላይ አለ ብለው ያምናሉ፤ የሚቀረው ማግኘቱ ብቻ ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ፈተና ነው። ዘጠና ሜትር የሄደች እሩር አንድ ሜትር ከሃምሳ በሆነ የልብስ ሰፊ ሜትር ስትለካ ስልሳ ጊዜ ያስጎነብሳል። አውቃለሁ፤ ሌላውን ጫፍ የምይዘው እኔ ነኝ።

መቺዎቹ ሁለት ነን። ለርቀት ፈንታው ይመታል፤ ድንጋይ ፈላጭ ስለሆነ ክንዱ የሰው ጭን ያክላል። ለምሕረት የተመረጥኩት እኔ ነኝ። መጀመሪያ ክብር መስሎኝ ነበር።

«ለምን እኔን መረጡ ጋሼ?» አልኳቸው አንድ ቀን።

«አረጋ፣ እንዳትቀየመኝ» አሉ በሐዘኔታ። «ፈንታው በመጥረጊያ እንጨትም ይመታል። በሱ እጅ ሁሉም ዱላ ጥሩ ነው። አንተ ግን ስምንት ዓመት አንዲት ጊዜ እንኳ በልቡ መትተህ አታውቅም። ባንተ እጅ ያልከዳ ዱላ ማንንም አይከዳም።»

ተቀየምኩ እንጂ! ሁለት ቅዳሜ ቀረሁ። በሦስተኛው ጋሽ ኢያቄም ደጄ ድረስ ሦስት ዱላ ታቅፈው መጡና፣ «በማን ልሞክረው? አገሩን አወዳደርሁ፤ እንዳንተ ያለ አላገኘሁም» አሉኝ። ይህን ሰው እንዴት ትጣሉታላችሁ?

የሚያሳዝነው ግን ሌላ ነው። ስምንት ዓመት ሙሉ ጋሽ ኢያቄም በገና ዕለት አንዲት እሩር መትተው አያውቁም። በየዓመቱ ታች ሰፈርና ላይ ሰፈር ይገጥማሉ፤ በየዓመቱ እሳቸው ቤት ውስጥ በሁለት ዱላ መካከል ይቀመጣሉ። እኛ ታች ሰፈሮች ተሸንፈን ስንመለስ እሳቸው ሁለቱንም ይዘው ሲወጡ መንገድ ላይ እንገናኛለን። «አለቀ እንዴ?» ይላሉ። አለቀ እንላቸዋለን። ሜትራቸውን በጣታቸው እየጠቀለሉ ይመለሳሉ። ያን ጊዜ ፊታቸውን ማየት አልወድም።

ዘንድሮ ነገሩ ከረረ። ጉልበታቸው ታምሞ ደረጃ ሲወጡ ግድግዳ መያዝ ጀምረዋል። ከርሞ መሮጥ ቀርቶ ሜዳው ድረስ መሄድም እንደማይሆንላቸው ራሳቸውም ያውቁታል፤ የዘንድሮው ገና ካመለጣቸው ሌላ የለም። እትዬ የሻረግም በበዓሉ ሳምንት ዱላዎቹን ቆጠሩ። አርባ አንድ ሆኑ። አልጋው ሥር አሥራ ሁለት፣ ከጣራው ማገር ላይ የቀሩት።

«ስማኝ ኢያቄም» አሉ ሰው ፊት። «ዘንድሮ አንዱን ይዘህ ሜዳ ካልወጣህ፣ እነዚህ ሁሉ ለጥምቀት ወጥ መሥሪያ ይሆናሉ። በእመቤቴ!»

«የትኛውን ልያዝ ታዲያ?»

«የቀረበህን!»

ሳምንቱን እንቅልፍ አልወሰዳቸውም። በመጨረሻ ከክትክታ የተቆረጠ፣ ራሱ ሰፋ ያለ፣ መያዣው በእጅ የለሰለሰ አንድ ዱላ መረጡ። እኔ ስቼ የመታሁትን ከአሥር ሰባቱን ቀጥ አድርጎ የላከ እሱ ብቻ ነው። «ርቀቱ ትንሽ ያንሳል» አሉኝ። «ግን ሰው በሕይወቱ ስንት ጊዜ አስተካክሎ ይመታል?»

የገና ዕለት ገና ግጥሚያው ሳይጀመር ደረሱ። አጨዳው ባለቀበት የገብስ ማሳ ላይ ያ ሁሉ ሰው ሲያያቸው እልል አለ። እትዬ የሻረግም ነጠላቸውን አስተካክለው ከዳር ቆሙ። ጋሽ ኢያቄም ሜትራቸው አንገታቸው ላይ እንዳለ በክብር ገብተው ከጎኔ ተሰለፉ።

ጨዋታው ተጀመረ። የመጀመሪያዋ እሩር ወደሳቸው መጣች። ፈጠነችባቸው፤ አሳለፏት። ሁለተኛዋ ነጠረች፤ አሳለፏት። «ጋሼ፣ ይምቱ እንጂ!» አልኩ። «የተሻለች ትመጣለች» አሉ። ለካ እሩርም እያወዳደሩ ነው! ፈንታው እሩሯን ከድንበራቸው አሳልፎ አንድ አገባልን፣ ላይ ሰፈሮች አንድ አገቡብን፣ ፀሐይም አዘቀዘቀች። ከዚህ በኋላ ቀድሞ ያገባ ያሸንፋል ተባባልን።

ትርምሱ መካከል አንዱ የላይ ሰፈር ጎረምሳ ከኔ ጋር ዱላ ለዱላ ተጋጨና የኔው ከወገቡ ቀጭ አለ። እሩሯ ደግሞ ከሰው እግር ሥር ተንከባልላ ወጥታ መጥታ ፊቴ ቆመች። ፊት ለፊቴ የላይ ሰፈር ድንበር ክፍት ነው። እጄ ላይ ያለው ክንድ የማትሞላ ቁራጭ ናት። ሰዎቻቸው እየሮጡ ነው።

ጋሽ ኢያቄም ከኔ ስድስት እርምጃ ያህል ርቀው ቆመዋል፤ ዱላቸውን አንሥተዋል። ሮጠው ቢሞክሩ ኖሮ ማንም አይፈርድባቸውም ነበር። ስምንት ዓመት የጠበቋት እሩር ናት፤ ሌላም አትመጣም። አንድ ጊዜ ጉልበታቸውን፣ አንድ ጊዜ እሩሯን፣ አንድ ጊዜ እኔን አዩ። ሰውየው ሳያወዳድሩ ሲወስኑ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

«አረጋ! እንካ!»

ዱላው በአየር ላይ መጣ። ቀለብኩት፤ ዓይኔን ጨፈንኩ፤ መታሁ።

ዓይኔን ስገልጥ እሩሯ ድንበሩን አልፋ ከማሳው ማዶ ትንከባለላለች። ታች ሰፈር ከስንት ዓመት በኋላ አሸነፈ። ፈንታው ትከሻው ላይ ሰቀለኝ። ከላይ ሆኜ ሳይ ጋሽ ኢያቄም ባዶ እጃቸውን ማሳው መካከል ብቻቸውን ቆመዋል።  «አውርደኝ» አልኩት ፈንታውን።

ወደሳቸው ሄድኩ። እንኳን ደስ ያለህ አላሉኝም። ዱላውን ተቀብለው ራሱን በአውራ ጣታቸው ዳበሱት።

«አረጋ፣ እውነቱን ንገረኝ። በምኑ ነው የመታሃት? በልቡ ነው በአፍንጫው?»

«በአፍንጫው ነው ጋሼ» አልኩ። «እንዲያውም ስቼ ነበር። ዱላው ነው ያዳነኝ።»

ጋሽ ኢያቄም ጉልበታቸውን ይዘው ቀስ ብለው ገለባው ላይ ተቀመጡ፣ ዱላውን ጭናቸው ላይ አጋደሙት፣ እንባቸው በጉንጫቸው ወረደ። እትዬ የሻረግ መጥተው አጠገባቸው ቁጭ አሉና በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉላቸው።

ጋሽ ኢያቄም እጃቸው ከመኪናው ስለማይለይ ይህ ጽሑፌ የሚወጣበትን ጋዜጣ የሚያነብላቸው አዳም ነው። አዳም፣ ወንድሜ፣ እዚህ ላይ አቁም። አጥፈህ ኪስህ ክተተው፤ አለቀ በላቸው።

እንግዲህ ለናንተ ለቀራችሁት እውነቱ ይኸውና። ያቺን እሩር የመታኋት በልቡ ነው። እጄን ቅንጣት ሳይነዝረኝ፣ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ መሐል ልቡን። ያን ዕለት ዱላው ይቅር የሚለው ምንም ጥፋት አልነበረብኝም፤ ከዚህ የከፋ ዱላም ይልካት ነበር። ይህን ለሰው ሁሉ ልፎክርበት የሚገባኝ ነገር ነው። አልፎከርኩም። እኒያን ሰውዬ እንዲህ እንደምወዳቸው እስከዚያች ሰዓት ድረስ አላውቅም ነበር።