ላሜራው ላይ የተኛው ዘይት

ሞተር ብስክሌት የሚነዳ ሰው ሁሉ ትንሽ ትንሽ መካኒክ ነኝ ብሎ ያስባል። እኔ ደግሞ ትንሽ ትንሹን ትቼ ሙሉ መካኒክ ነኝ ነበር የምለው።

በደርግ ጊዜ የክትባት ሠራተኛ ነበርኩ። መሥሪያ ቤቴ አንድ ያረጀ ሞተር ሰጥቶኝ በእንጦጦ አቀበት ወደ ሱሉልታ ገጠሮች እመላለስ ነበር። መንገዱን ታውቁት የለ? ከመንገድነቱ ድንጋይነቱ ያመዝናል። አንድ ቀን ድንጋይ ከሥር ተነሥቶ የሞተሩን ሆድ ሊቀደው ጥቂት ቀረው። ደንግጬ አዲሱ ገበያ ወዳለ በያጅ ሄድኩና ከሥሩ ወፍራም ላሜራ አሠራሁለት። በያጁ መሐሉ ላይ የዘይት ማፍሰሻ ቀዳዳ በሳና፣ «ዘይት ስትቀይር ግን ላሜራውን ፍታው፤ ቀዳዳውን አትመን» አለኝ። እሺ አልኩ። እሺ ለማለት ምን ይከፈላል?

የዘይት ነገር ከተነሣ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ያኔ የምግብ ዘይት ከቀበሌ ሱቅ በራሽን ነበር። የሞተር ዘይት በጀሪካን ይዤ ሽሮ ሜዳ ግቢያችን ስገባ አንዷ ጎረቤት አየችና ዘይት መጥቷል ብላ አወራች። ጫማዬን ሳላወልቅ ደጃፌ ጠርሙስ በያዘ ሰው ተሞላ። የሞተር ነው ብዬ ብምል ማን ይመነኝ? አንዲት አሮጊት ክዳኑን አስከፍተው ካሸተቱ በኋላ ለወጥ አይሆንም ወይ ብለው ጠየቁኝ። አይሆንም ስላቸው እንደ ስስታም አይተውኝ ሄዱ።

በማግስቱ ጠዋት ዘይቱን ልቀይር ተንበረከክሁ። የላሜራው ብሎኖች በጭቃና በዝገት ታንቀዋል። አንዱን ስታገል ጣቴን ላጥሁና ተውኩት። ቀዳዳው ታዲያ ለጌጥ ነው የተበሳው? ባለቤቴ አስካለ ደጃፍ ላይ ሆና፣ «ሰውዬው ፍታው ብሎህ አልነበር?» አለችኝ። በያጅ ስለ ብየዳ እንጂ ስለ ዘይት ምን ያውቃል ብዬ መለስኩላት። ሰነፍ ምክንያት አያጣም።

በጎን ባለው ክፍተት መፍቻ አስገብቼ የዘይት ማፍሰሻውን ብሎን ፈታሁ። ከሥር ሳፋ አስቀመጥኩ። ጠብ፣ ጠብ አለና ቆመ። አሮጌ ሞተር ዘይት ይጠጣል፣ ይሄም ጠጥቶ ጨርሶታል ብዬ ለአስካለ አብራራሁላት። በደረቁ ሲሠራ መኖሩ አሳዘነኝ። ብሎኑን መልሼ አዲሱን ዘይት ሞላሁለት።

ግቢውን የምንጋራቸው ጋሽ ቶና የሚባሉ ሸማኔ ነበሩ። ሴት ልጃቸውን ሊድሩ ነው። ለሙሽራው አባት የሚሰጥ ጋቢ ሊሠሩ፣ ባለቤታቸው ክረምቱን ሙሉ የፈተሉትን ፈትል አጥበው ከእኔ በታች ጆንያ ላይ ፀሐይ ያስመታሉ። ከእኔ በታች ማለቴ፣ ያው ጉለሌ ነውና ግቢው ሁሉ ቁልቁለት ነው። እኛ ሰፈር የፈሰሰ ነገር ጎረቤት ሳይጠይቅ አያልፍም።

ሞተሩን ከማቆሚያው አውርጄ ወደ ጎን ሳዘነብለው ላሜራው ላይ ተኝቶ የቆየው ጥቁር ዘይት በሙሉ ተገለበጠ። ለካ ቀዳዳው በሱሉልታ ጭቃ ተደፍኗል፤ ላሜራውም ዳር ዳሩ የታጠፈ ስለሆነ እንደ ትሪ ይዞት ኖሯል። ዘይቱ ቁልቁል ወረደ። ልቀድመው ሳፋ ይዤ ስሮጥ አንሸራተተኝና ተቀመጥኩበት። እዚያው ሆኜ ፈትሉ ውስጥ ሲገባ አየሁ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። የእህል ተረት ነው፤ የፈሰሰ ዘይት ማን ይለቅማል?

ጋሽ ቶና ጎንበስ ብለው አንዱን የፈትል ድውር አነሡ። ከጫፉ ጥቁር ይንጠባጠባል።

«ሠርጉ እኮ ደርሷል» አሉ።

«እገዛለሁ፣ ጋሽ ቶና።»

«ይሄን የመሰለ ፈትል ከየት ትገዛለህ? ጥጡም በወረፋ ነው» አሉና ቀስ አድርገው መልሰው አስቀመጡት። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ባለቤታቸው ወጥተው ሲያዩ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው ይላሉ። የእኔ መከራ ግን እኔን ትቶ ጎረቤቴን መከረ።

አስካለ ወደ ቤት ገባች። ተናዳ መስሎኝ ነበር። ስትመለስ ነጭ ድውር የሞላ ቅርጫት ይዛለች። ለእኔ ጋቢ ብላ የፈተለችው ነው፤ መቼ ነው የሚያልቀው እያልኩ ስነዘንዛት የከረምኩት።

«በዚህ ይሥሩት፣ ጋሽ ቶና» አለች።

«የእሱስ ጋቢ?» አሉ ወደ እኔ እያዩ።

«እሱ ላሜራ ያሠራ።»

በሠርጉ ቀን ዳስ ውስጥ ያስቀመጡኝ ከሙሽራው አባት ጎን ነበር። የእንጦጦ ነፋስ በዳሱ ክፍተት እየገባ ስሷን ጃኬቴን አልፎ አጥንቴ ይደርሳል። አዛውንቱ አዲሱን ጋቢ ተከናንበው ጫፉን በጣታቸው ያሹታል።

«ይሄን የፈተለች እጅ ትባረክ» አሉኝ። «የዚህች ሴት ባል ምንኛ የታደለ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ብርድ አያውቅም።»

እውነትዎን ነው አልኳቸው፣ ጥርሴ እየተንቀጫቀጨ።