ጉራች፣ ዳልቻ እና የጋሽ እንድሪስ ወፍጮ

ጎረቤት አይመረጥም ይላሉ። ዘመድም አይመረጥም። እኔን ግን እግዜር በሁለቱም በኩል በጊታር ድምፅ ማጉያ ነው የመታኝ።

ከጎረቤቱ ልጀምር። ሐምቡርግ በምትባል ዝናባም ከተማ ሃያ ሁለት ዓመት የኖርኩበት ቤት ምድር ቤት አለው። ምድር ቤቱን ጸጉራቸውን እስከ ወገባቸው የለቀቁ አራት ጎልማሶች ተከራይተው ሙዚቃ ይለማመዱበታል። ሌላው ሰው በስተርጅና ድመት ያሳድጋል፣ አበባ ያጠጣል። እኔ በወለሌ በኩል ሊድ ጊታር ስሰማ አረጀሁ። ሻይ ስቀዳ ብርጭቆው ብቻውን ይጨፍራል።

ለማዘጋጃ ቤቱ አቤት አልኩ። ፈረንጅ መቼም ያለ ፎርም አይተነፍስም፤ ፎርም ላኩልኝ። የረብሻው ምንጭ በዝርዝር ይገለጽ ይላል። ዝርዝር እኔን አያስፈራኝም። በመጻሕፍት ቤት መደርደሪያ ሳስተካክል ዕድሜዬን የፈጀሁ ሴት ነኝ። ስለ ጊታር ማጉያ የተጻፈ ያገኘሁትን ሁሉ አነበብኩ። ጠላቱን ሳያውቅ የሚከስ ማን አለ?

ነገሩ እንዲህ ነው። እነዚህ ማጉያዎች እንደ ድሮ ራዲዮ በሆዳቸው የመስታወት አምፖል ደርድረዋል። አምፖሉ ሲግል ነው የሚዘፍኑት። ፊታቸው ላይ የሚዞር ቁልፍ ሞልቷል፤ ዋናው ጌይን የሚሉት ነው። ጌይንና ቮሊዩም አንድ የሚመስላቸው ሰዎች አሉ። ተሳስተዋል። ቮሊዩም መጮህ ነው፣ ጌይን መቆጣት ነው። ሰው ሳይጮህ ሊቆጣ ይችላል። እናቴን ብታውቋት ኖሮ ይህን ለማስረዳት ቀለም ባልጨረስኩ። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ "እስቲ ነይ" ካለችኝ ጌይኑ እስከ ጥግ ተከፍቷል ማለት ነው።

ሊድ የሚባለው ደግሞ ጊታሩ ከጓደኞቹ ተነጥሎ ብቻውን የሚያለቃቅስበት ቦታ ነው። ማጉያ ከማጉያ የሚለየው እዚያ ላይ ነው። አንዱ እንደ ንብ ቀፎ ያጉረመርማል። አንዱ እንደ መጋዝ ይቆርጣል። አንዱ ደግሞ ጉንፋን እንደያዘው ዲያቆን ከአፍንጫው ይስባል። ጎረቤቶቼ አዲስ ማጉያ በገዙ ቁጥር ገና በመጀመሪያው ልቅሶ አውቀው ነበር። ሰው አማቱን በኮቴ እንደሚለይ ማለት ነው። አሥራ አንድ አቤቱታ ጻፍኩ። ለአሥራ አንዱም የመጣው መልስ "ተመልክተነዋል" የሚል ነበር። የተመለከተ ሁሉ ቢያደርግ ኖሮ ዓለም እንዲህ ባልሆነች።

አሁን ወደ ዘመዱ ልለፍ።

ከሚሊኒየሙ በዓል ጥቂት ዓመት በኋላ የወንድሜ ልጅ ኑሩ ሊያገባ ነው ተብሎ መካነ ሰላም ተጠራሁ። የእኛ ቤት ግማሹ መስጊድ፣ ግማሹ ቤተ ክርስቲያን የሚሄድ የወሎ ቤት ነው። ሰርግ ሲሆን የሚለየን የምንበላው ሥጋ ብቻ ነው። ኑሩ ዓረብ አገር አምስት ዓመት ሠርቶ ገና መመለሱ ነበር። ከዓረብ አገር የሚመለስ ሰው ምን ይዞ እንደሚመጣ የታወቀ ነው። ቴሌቪዥን፣ ነብር የተሳለበት ብርድ ልብስ፣ ለእናት ወርቅ። ኑሩ ይዞ የመጣው አንድ ጊታርና ሁለት ከባድ ሣጥን ነው። የሆቴል መድረክ ሲወለውል አንድ ፊሊፒናዊ ሙዚቀኛ ጊታር አስተምሮት፣ ወደ አገሩ ሲገባ ዕቃውን ሸጠለት። ሣጥኖቹ ከሚኒባሱ ጣሪያ ሲወርዱ ወንድሜ ዙሪያውን ሁለት ጊዜ ዞሮ፣ "ስክሪኑ በየት በኩል ነው?" አለ።

እኔ ግን አወቅኳቸው። ከሐምቡርግ ሸሽቼ ብመጣ ቀድመውኝ መካነ ሰላም ደርሰው ይጠብቁኛል! ሁለቱም ባለ አምፖል፣ ሁለቱም ጌይናቸው የበዛ። ሰፈሩ ስም እንኳ አውጥቶላቸዋል። ጥቁሩ ጉራች፣ አመድማው ዳልቻ። ልክ እንደ ጥንድ በሬ።

ችግሩ የሙሽራዋ አባት ናቸው። ጋሽ እንድሪስ የከተማው ባለ ወፍጮ ናቸው፤ ከቅንድባቸው ላይ ዱቄት ጠፍቶ አያውቅም። በመንገድ ሲያልፉ ኑሩ ሲለማመድ ሰምተው፣ ይህ ነገር በእኔ ልጅ ሰርግ ላይ አይጮህም አሉ። ኑሩ ደግሞ ለሙሽራዋ ለሐያት አምስት ዓመት ሙሉ በስልክ ቃል ገብቷል፤ በሰርጋችን ቀን በእጄ እጫወትልሻለሁ ብሎ። ልጁ ከሰው አገር ያተረፈው ይህንኑ ቃልና እነዚህን ሣጥኖች ነው። ቢለምን፣ ቢያስለምን፣ በመጨረሻ ጋሽ እንድሪስ ትንሽ ለዘብ አሉ። ሦስት ሽማግሌ ሁለቱን ሰምተው ይፍረዱ። ያለፈው ሰርጉ ላይ ይጫወት። ሁለቱም ከወደቁ ሣጥኖቹ ይሸጣሉ፤ ኑሩም ወፍጮ ቤት ገብቶ ጆንያ ይሸከማል።

ችሎቱ የተቀመጠው በገበያ ቀን፣ ረፋዱ ላይ፣ በወንድሜ በረንዳ ነው። የወንድሜ ቤትና ወፍጮ ቤቱ አጥር ለአጥር ናቸው። ዱአ ተደረገ፣ አሚን ተባለ። ከሽማግሌዎቹ ዋናው አባ ይመር ናቸው። በዚያ አገር እሳቸውን ሳያማክር በሬ የሚገዛ ሞኝ የለም።

"ከመስማታችን በፊት ጥርሱን አሳየኝ" አሉ አባ ይመር።

ኑሩ ግራ ተጋብቶ እኔን አየኝ። እኔ ክብሬን ጠብቄ ነጠላዬን አስተካከልኩ። ኋላ ሲገባው የጀርባቸውን ክዳን ፈታ። አባ ይመር አጎንብሰው የሚፋጁትን አምፖሎች አንድ በአንድ ቆጠሩ።

"ጉራች ሰባት፣ ዳልቻ ስምንት። ዳልቻ ጎልማሳ ነው።" ጎኑን በመዳፋቸው ዳሰሱና "ይግላል፤ ታሞ እንዳይሆን ብቻ" ብለው ተቀመጡ።

እኔም ያው የውጭ አገር አዋቂ ተብዬ ወንበር ተሰጠኝ። አዋቂ ደግሞ ሳይጠየቅ መናገር አለበት። ጉራች ያሸንፋል፤ የዳልቻ ዘሮች ሁሉ ሲያለቅሱ መጋዝ ናቸው ብዬ ተነበይኩ።

ዳልቻ ቀደመ። ወዳጆቼ፣ ምን ልበላችሁ? አንዲት ረጅም ድምፅ አወጣ፤ ለስላሳ፣ ወፍራም፣ ጠርዟ የተጠበሰ ማር የመሰለች። ሳትቸኩል ወጣች፣ ሳትቸኩል ሟሟች። ከአጥር ማዶ ወፍጮው ያጓራል፣ አህያ ያናፋል፤ ያች ድምፅ ግን በመሐላቸው እንደ እመቤት አለፈች። ስንት ዓመት የጠላሁት ነገር ዓይኔን አረጠበው። የበረንዳው አምፖል እንኳ፣ ያ ሥራ ፈት ቀን የሚበራው፣ አብሮኝ የቀላ መሰለኝ።

ከዚያ የዙሁር ሶላት ደረሰ። ወፍጮው ቆመ። ሰጋጁ ሰግዶ ሲመለስ፣ ወፍጮው ገና ሳይነሳ የጉራች ተራ ሆነ። አንድ ጊዜ ቢጮህ ዶሮዎቹ ተበተኑ። ቆርቆሮ በጥፍር ሲቧጠጥ ማለት ነው።

አባ ይመር ካነጋገር ይፈረዳል፣ ካያያዝ ይቀደዳል ብለው ለዳልቻ ፈረዱ። እኔም ትንቢቴን አጥፌ ንግግር አደረግኩ። የዳልቻ እንጨት በደንብ የደረቀ ስለሆነ ነው፣ የአምፖሎቹ እርጅና ነው፣ የድምፅ ማውጫው ስፋት ነው አልኩ። ብዙ ያነበበ ሰው ምክንያት አጥቶ አያውቅም። ጋሽ እንድሪስም እሺ፣ ቃሌ ቃል ነው አሉ።

የሰርጉ ቀን ደረሰ። ድንኳኑ በጋሽ እንድሪስ ግቢ፣ ከወፍጮ ቤቱ ጎን ተተከለ። ሼሁም ቄሱም መጡ፤ ሐያት በነጭ ቬሎ ተቀመጠች። ኑሩ በሙሽራ ሱፉ ላይ ጊታሩን አንግቶ ዳልቻን አስነሳ። ሕዝቡ አንገቱን አሰገገ።

ዳልቻም ጮኸ። ድመትን በመጋዝ ላይ ቢረግጧት እንዲህ አትልም። ሕፃናት አለቀሱ። የሙሽሪት በቅሎ ገመዷን በጥሳ የወረኢሉን መንገድ ይዛ ነጎደች። ኑሩ ቁልፉን ሁሉ ቢያዞር፣ ቢያዞር፣ ያው ነው። ላብ ከግንባሩ ይንጠባጠባል። ሐያት ዓይኗን ከእሱ አልነቀለችም።

ጋሽ እንድሪስ ብድግ አሉ። "አባ ይመር! ያለፈው ይኸው ነው?"

አባ ይመር ከተቀመጡበት አልተነሱም። "በሬው ያው በሬ ነው፤ ሜዳው ነው የተለወጠ" አሉ።

ሰዉ ሳቀ። እኔ ግን ቀና ብዬ የድንኳኑን አምፖል አየሁ። እንደ ወረቀት ነጥቷል። ያን ጊዜ ከስንት ዓመት በፊት ያነበብኩት አንድ ገጽ ትዝ አለኝ። መብራቱን ሆን ብለው የሚቀንሱ፣ ማጉያውን የሚያስርቡ ጊታር ተጫዋቾች አሉ። ባለ አምፖል ማጉያ ትንሽ ሲራብ ድምፁ ይለሰልሳል ይላል ገጹ። አንብቤዋለሁ እኮ! እውቀት እንዲህ ናት፤ ስትፈለግ ሁልጊዜ ሌላኛው ኮት ኪስ ውስጥ ነች።

"ጋሽ እንድሪስ፣" አልኩ፣ "ዳልቻ ፈተናውን ያለፈ ዕለት ወፍጮው ይፈጭ ነበር?"

"የገበያ ቀን ወፍጮ ካልፈጨ ምን ሊያደርግ ኖሯል እትዬ? ዛሬ ልጄን ልድር ብዬ ዘጋሁት እንጂ!"

ነገርኳቸው። ወፍጮው ሲነሳ የሰፈሩን መብራት እንደሚጎትት ለእሳቸው አይነገርም፤ በየሳምንቱ ጎረቤት የሚሰድባቸው በዚሁ ነው። የተቀረውን አስረዳሁ። ጢማቸውን አሻሹ።

"እንግዲህ ያን ቀን ሽማግሌ ያማለለው የእኔ ወፍጮ ነው በሉኛ" አሉ።

ቁጣቸው በአንዴ ወዴት እንደገባ አላውቅም። ከነጭ ጀለቢያቸው ውስጥ ቁልፍ መዘው ወደ ወፍጮ ቤት ሄዱ። ግን ባዶ ወፍጮ መብራት አይበላም፤ ድንጋዩም እርስ በርሱ ይፋጃል። እህል ያስፈልጋል። ተራ የሚጠብቁ ጆንያዎች እዚያው አሉ፤ ባለቤቶቻቸውም ድንኳን ውስጥ ናቸው። ጋሽ እንድሪስ በመስኮት ብቅ ብለው "ይህ ጤፍ የማን ነው?" ሲሉ፣ ከድንኳኑ "የእኔ ነው፣ ይፈጭ! ማሻአላህ!" ይባላል።

በጤፉ ዳልቻ ጩኸቱን ተወ፤ ግን ገና ይነጫነጫል። ገብስ ተጨመረ። አምፖሉ ቀላ፣ ዳልቻም ያችን የማር ድምፁን አወጣ። ድንኳኑ በእልልታ ተናጋ። ሐያት ሙሽራ ናትና ማልቀስ ነበረባት፤ እሷ ግን ጥርሷን ገልጣ ሳቀች፤ አክስቶቿ እስካሁን ይወቅሷታል። ጋሽ እንድሪስ በዚህ ጊዜ ልባቸው አብጦ ባቄላ ደፉበት። ዳልቻ አክ እንትፍ ሊል የደረሰ ሽማግሌ ሆነ።

"ኧረ ገብሱን መልሱ!" ብለው ጮኹ አባ ይመር። "ባቄላው ጉሮሮውን ዘጋው!"

ጉራችም ተራ ተሰጠው፤ ፍርድ እንደገና ታየ። በገብስ ሁለቱን መለየት አቃተን። እኔ ያን ሁሉ ዓመት ማጉያ ከማጉያ ሳወዳድር፣ የሚወዳደረው ለካ እህል ከእህል ኖሯል። ሰርጉ ሲበተን የከተማው እህል ሁሉ ተፈጭቶ አልቋል። ከዚያ በኋላ ሙሽሮች ኑሩን ወደ ቤታቸው በመጥራት ፈንታ፣ እነሱ ራሳቸው ወፍጮ ቤት ይመጡ ጀመር። ጋሽ እንድሪስም የምሽቱ ጊታር ተጫዋች ማነው ሲባሉ፣ "እኔና አማቼ" ይላሉ።

ሁለት ዓመት ቆይቶ ኑሩ ስልክ ደወለ። ድምፁ የሐዘንተኛ ነው።

"አክስቴ፣ ልማት መጣ።"

ለሰፈሩ አዲስ ትራንስፎርመር ተተክሏል። ወፍጮው ቢፈጭም አምፖሉ ነጭ ነው። ሕዝቡ አዳራሽ ተሰብስቦ አመሰገነ፣ አጨበጨበ። ኑሩ ብቻ እጁን አውጥቶ መብራቱ በዛብን ቢል፣ አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። "አንቱ አቤቱታ መጻፍ ያውቁ የለ፣ ይጻፉልኛ" አለኝ።

ከምድር ቤቱ በኩል ጎረቤቶቼ እየጮኹ፣ አሥራ ሁለተኛውን አቤቱታዬን ጻፍኩ። ለጊታር የቆምኩበት የመጀመሪያው መሆኑ ነው። መብራት ሙሉ ሆኖ ስለመጣብን ይታይልን የሚል ደብዳቤ ከዚያ በፊት የጻፈ ሰው ያለ አይመስለኝም። ኑሩ ወስዶ ለመብራት ኃይል ሠራተኛው ሰጠው። ሠራተኛው ሁለት ጊዜ አነበበው አሉ። ከዚያ ወረቀቱን አጥፎ፣ የኑሩን ትከሻ መታ መታ አድርጎ፣

"አብሽር ወንድሜ፣ ትንሽ ታገስ። በእኛ እጅ ምን ሞልቶ ሲቀር አይተሃል?" አለው።

በሁለት አገር፣ በሁለት ቋንቋ አቤት ስል ኖሬያለሁ። መሥሪያ ቤት ቃሉን ሲያከብርልኝ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። ሳምንት እንኳ ሳይሞላ አምፖሉ ተመልሶ ቀላ።