ኦኬ ባለ ቁጥር

ፕሮፌሰር፦ ተው! ተው አልኩህ! ጆሮዬ ላይ ምን ታደርጋለህ?

ቆይማ፦ ኦኬ አልከኝ እኮ።

ፕሮፌሰር፦ ኦኬ ማለትና ቁረጥ ማለት አንድ ነው?

ቆይማ፦ ቆይማ… አንድ አይደለም እንዴ?

[ፀጉር ቤቷ ጠባብ ናት፤ ሁለት ወንበር፣ ሁለት መስታወት፣ አንድ የሚያንጠባጥብ ቧንቧ። አንደኛውን ባለቤት ደንበኞቹ ፕሮፌሰር ይሉታል፤ ምክንያቱም ፂሙን ሊከረከም የገባ ሰው ሁሉ የቃላት ትርጉም ተምሮ ነው የሚወጣው። ሁለተኛው የታላቅ እህቱ ባል ነው። ነገር ሲነግሩት መጀመሪያ «ቆይማ» ይላል፤ በዚያው ቆይማ ሆኖ ቀረ። ፀጉር አስተካካይ የራሱን ራስ አያስተካክልምና አንዱ ሲቀመጥ ሌላው ይቆማል። ዛሬ የተቀመጠው ፕሮፌሰር ነው። ለምሳ እጮኛው መጥታ እናቷ ቤት ልትወስደው ነው፤ የመጀመሪያ ቀኑ ስለሆነ ከጧት ጀምሮ ተጨንቋል።

ያስጨነቁት ግን አማቲቱ አይደሉም። ያስጨነቀው አናቱ ነው። አናቱ ላይ ፀጉር የለም። ረጅም ሆና ያለችው ከግራ ጆሮው በላይ ናት፤ እሷን አሳድጎ፣ በቅባት አለስልሶ፣ በባዶው ሜዳ ላይ አሻግሮ በቀኝ በኩል ያስተኛታል። ይህን ምስጢር ከራሱና ከቆይማ በቀር የሚያውቅ የለም ብሎ ያምናል። እጮኛው ያወቀች ዕለት ጥላው እንደምትሄድ ቅንጣት አይጠራጠርም። አሁን መነጽሩን አውልቆ ጭኑ ላይ አስቀምጧል፤ ያለ እሱ መስታወቱ ውስጥ የሚያየው ጭጋግ ብቻ ነው።]

ፕሮፌሰር፦ ስማኝ። አንገቴንና የጆሮዬን ዙሪያ ብቻ! ላይኛውን እንዳትነካ።

ቆይማ፦ ላይ ምን አለና ነው የምነካው?

ፕሮፌሰር፦ ቆይማ!

ቆይማ፦ እሺ እሺ፣ አትቆጣ። እኔ መቼም ሳልጠይቅ አልቆርጥም፤ ታውቀኛለህ። ደንበኛው አፉን ሞልቶ ኦኬ ካላለ እጄ አይሄድም።

ፕሮፌሰር፦ እሱ ነው ያስቸገረህ! ኦኬ ስንት ዓይነት እንደሆነ ሳታውቅ ማሽን ይዘህ ሰው ራስ ላይ ትቆማለህ።

ቆይማ፦ እኔ የማውቀው አንዱን ነው። እሺ ማለት ነው።

ፕሮፌሰር፦ (በሐዘኔታ ይስቃል) እሺ ማለት ነው! ወንድሜ፣ እንግሊዝኛ አንዲት ቃል ሰጠን፤ ሰዉ ግን በየአፉ አራባት። ና ላስተምርህ። ፀጉሩን ጨርሰህ ከኋላው መስታወት ስትይዝለት፣ ደንበኛው ምን ይላል?

ቆይማ፦ ኦኬ ይላል።

ፕሮፌሰር፦ እንዴት አድርጎ?

ቆይማ፦ «ኦኬ…» ይልና ኮፍያውን ያደርጋል።

ፕሮፌሰር፦ ይሄ እሺ ነው? ይሄ እኮ «አበላሽተኸኛል፤ ግን ምላጭ ከያዘ ሰው ጋር አልጣላም» ማለት ነው።

ቆይማ፦ ኧረ በሕግ! እኔ እኮ በዚያ ኦኬ ስኮራ ነው የኖርኩት።

ፕሮፌሰር፦ ያለ ምክንያት ነዋ የኮራኸው።

ቆይማ፦ (ትንሽ ተክዞ ማሽኑን ያስነሳል) እና ልቀጥል? ኦኬ?

ፕሮፌሰር፦ ቆይ፣ ገና አልጨረስኩም። የስልክ ደግሞ አለ። ሰውየው አላስወራ ሲልህ፣ አንተ እንዲህ ነው የምትለው፦ ኦኬ! ኦኬ! ኦኬ!

[ትርርር። ቆይማ ኦኬውን ሰማ፤ አፍ የሞላ ኦኬ ነበር። ማሽኑን ከግራ ጆሮ በላይ አስኬደው። ያቺ ረጅሟ፣ ያቺ ቅባት የጠጣችው፣ ከሥሯ ተላቃ የትከሻው ጨርቅ ላይ ተኛች። ፕሮፌሰር እጁን እያወናጨፈ ማስረዳቱን ቀጥሏል።]

ፕሮፌሰር፦ …ትርጉሙ «በቃህ፣ ዝጋው» ነው። ገባህ?

ቆይማ፦ እየገባኝ ነው። እንዲያውም ትልቁ ሥራ አልቋል።

ፕሮፌሰር፦ የምን ሥራ?

ቆይማ፦ የመግባቱ።

ፕሮፌሰር፦ ቀዝቀዝ አለኝ ልበል?

ቆይማ፦ በሩ ክፍት ነው።

ፕሮፌሰር፦ ዝጋዋ!

ቆይማ፦ ትምህርቱ እንዳይቋረጥ ብዬ ነው። የሐኪምስ ኦኬ አለ?

ፕሮፌሰር፦ (ፊቱ በራ) ጎበዝ! እሱ ነው የሁሉም ክፉ። የራጅ ፊልምህን ብርሃን ላይ ይሰቅላል፤ አገጩን ይይዛል፤ ወደ አንተ ሳይዞር እንዲህ ይላል፦ ኦ…ኬ…

[ማሽኑም በዚያው ልክ ቀስ ብሎ ከግራ ጆሮው ፊት ተነሥቶ ከጆሮው ኋላ ደረሰ።]

ፕሮፌሰር፦ ያን ሰዓት መድኃኒት አትጠይቅ፤ ለዘመድ ደውል።

ቆይማ፦ ወይ ጉድ። የመካኒክስ?

ፕሮፌሰር፦ «መኪናዋ ኦኬ ናት፣ ንዳት» ካለህ ብርድ ልብስ ይዘህ ውጣ፤ መንገድ ላይ ማደርህ ነው።

ቆይማ፦ ብርድ ልብስ ስትል አስታወስከኝ። እህትህ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ኦኬ» ስትለኝ፣ እኔ ቀጥ ብዬ ሄጄ ሶፋው ላይ አነጥፋለሁ።

ፕሮፌሰር፦ ይኸውልህ! እህቴ ያለ እኔ አስተምራሃለች። ዕውቀት እኮ በዘር ነው ያለን።

ቆይማ፦ የእጮኛህስ ኦኬ የትኛው ነው?

ፕሮፌሰር፦ የእሷማ ንጹሕ ነው! ባለፈው ድልድዩ ላይ በእግር እንንሸራሸር አለችኝ። ድልድዩ ላይ ደግሞ ነፋስ… ማለቴ ጉንፋን ይዞኛል አልኳት። ምን ብትል ጥሩ ነው?

ቆይማ፦ ምን አለች?

ፕሮፌሰር፦ «ኦኬ» አለች። በቃ። አጭር፣ ለስላሳ፣ ሙሉ ስምምነት።

ቆይማ፦ ድምጿን ዝቅ አድርጋ?

ፕሮፌሰር፦ አዎ፣ ዝቅ አድርጋ።

ቆይማ፦ ሶፋ አለህ?

ፕሮፌሰር፦ ሶፋ ምን አገባው?

ቆይማ፦ ዝም ብዬ ነው። ከዚያስ?

ፕሮፌሰር፦ ከዚያ ጀልባ እንሳፈር አለች፤ ወገቤን አልኳት። «ኦኬ» አለች። ተራራው ላይ እንውጣ አለች፤ ጉልበቴን አልኳት። «ኦኬ» አለች። እንዲህ የምትግባባ ሴት ከየት ትገኛለች?

[በጀልባው ኦኬ የቀኙ ጎን ሄደ። በተራራው ኦኬ የኋላው።]

ቆይማ፦ እኔን የገረመኝ ይህን ሁሉ በሽታ ተሸክመህ እሺ ማለቷ ነው።

ፕሮፌሰር፦ ይሄ ትርርር ግን በዛ። አንገቴ ይህን ያህል ሰፊ ነው እንዴ?

ቆይማ፦ አንገትህ ወደ ላይ ቀጠለ።

ፕሮፌሰር፦ ምን አልክ?

ቆይማ፦ አለቀ አልኩ። ላራግፍልህ? ኦኬ?

ፕሮፌሰር፦ ኦኬ።

ቆይማ፦ ይሄኛውስ የትኛው ነው?

ፕሮፌሰር፦ ይሄማ ተራ ኦኬ ነው። ሁሉንም አታወሳስብ።

[መነጽሩን አንሥቶ አደረገ። መስታወቱን አየ። ቧንቧው ሲንጠባጠብ ይሰማል።]

ፕሮፌሰር፦ አባዬ?

ቆይማ፦ ማን?

ፕሮፌሰር፦ አባቴ መስታወት ውስጥ ቁጭ ብሏል! አባቴ እኮ ሞቷል!

ቆይማ፦ ነፍሳቸውን ይማር። ቁርጥ እሳቸውን።

[ፕሮፌሰር መዳፉን ወደ አናቱ ሰደደ። መዳፉ ተንሸራትቶ ማጅራቱ ላይ ወረደ።]

ፕሮፌሰር፦ ገደልከኝ! አንተ ሰው ገደልከኝ! ልትመጣ እኮ ነው! ኮፍያ! ኮፍያ አምጣ! ካጣህ ፎጣ! ፎጣ ጠምጥምልኝና ጭንቅላቱን ተመቷል በላት!

ቆይማ፦ ጠየቅሁህ። ኦኬ አልክ።

ፕሮፌሰር፦ ላስተምርህ ብዬ ነዋ፣ አንተ ደንቆሮ! ፈቃድ ነው የመሰለህ?

ቆይማ፦ ቆይማ…

ፕሮፌሰር፦ አልቆይም! ስንት ዓመት ያሳደግኋትን! ዝናብ ሳላስመታት፣ ነፋስ ሳላስነካት! ልጅ እንኳ እንዲህ ተሞላቅቆ አያድግም! ዛሬ፣ ከቀን ሁሉ ዛሬ፣ ምስጢሬን ሜዳ ላይ አወጣህብኝ!

ቆይማ፦ የቱን ምስጢር?

ፕሮፌሰር፦ መላጣ መሆኔን ነዋ!

ቆይማ፦ እሱን ነው እንዴ? እሱንማ ሰፈሩ ያውቃል።

ፕሮፌሰር፦ የቱ ሰፈር?

ቆይማ፦ ይሄው ሰፈር። ዳቦ ሻጯ «ያ ፀጉሩን የሚያሻግረው ሰውዬ ዳቦውን ረስቶ ሄደ፣ አድርሱለት» ብላ ነው የምትልክልህ። ዘበኛው ያውቃል፤ ዝናብ መትቶህ ያቺ ነገር ትከሻህ ላይ ስትንጠለጠል፣ እንዳታፍር ብሎ ፊቱን ያዞርልሃል። ልጆቼ ያውቃሉ።

ፕሮፌሰር፦ ትንሿም?

ቆይማ፦ ትንሿማ አጎቷን ስትሥል አናቱ ላይ አንድ መስመር ብቻ ነው የምታሰምረው።

[ፕሮፌሰር ወንበሩ ላይ ተመልሶ ተቀመጠ። ኮፍያ መጠየቁንም ተወው። አሁን የሚፈራው አንድ ነገር ብቻ ነው።]

ፕሮፌሰር፦ እሷስ?

ቆይማ፦ እሷ ትናንት ቤት መጥታ ነበር። እህትህ ናት የጠራቻት።

ፕሮፌሰር፦ ምን አለች?

ቆይማ፦ አለቀሰች።

ፕሮፌሰር፦ በኔ መላጣ?

ቆይማ፦ በመላጣህ ማን ያለቅሳል! «መንገድ ላይ አብረን ስንሄድ፣ ነፋስ ሽው ባለ ቁጥር አንዱን እጁን አናቱ ላይ ይጭናል፤ በሌላው ቦርሳውን ይይዛል። ለኔ የሚተርፍ እጅ የለውም። የሚያየን ሰው ሁሉ የተጣላን ይመስለዋል» አለች። «ያቺን ፀጉር ማን ፈለገብኝ? እኔ የማገባው ሰውየውን ነው» አለች።

ፕሮፌሰር፦ እኔ እኮ… እኔ ነፋስ ባለበት ሁሉ ላለመሄድ…

ቆይማ፦ ወገብህን፣ ጉልበትህን። እናውቃለን። «ቁረጥልኝ» ብላ ለመነችኝ። እኔ እምቢ አልኩ። ባለቤቱ ኦኬ ሳይል የማንንም ፀጉር አልነካም፤ ሥራዬ ነው አልኳት። እህትህ ከት ብላ ሳቀች። «የኔ ወንድም ኦኬ እንዲል ከፈለግህ፣ ስለ ኦኬ ጠይቀው» አለችኝ።

ፕሮፌሰር፦ (ከወንበሩ ግማሽ ተነሥቶ) ቆይማ! አውቀህ ነው እንዴ? የሐኪሙን፣ የመካኒኩን፣ ሁሉንም ታውቅ ነበር?

ቆይማ፦ የመካኒኩን እንኳ አላውቀውም ነበር። እግዜር ይስጥልኝ፤ እሱ ይጠቅመኛል።

[ፕሮፌሰር በትከሻው ጨርቅ እጥፋት ውስጥ የቀረችውን ፀጉር በሁለት ጣቱ አነሣት፤ ለዓይን እንኳ የማትሞላ ኩርማን ነገር ናት። እያያት መሳቅ ጀመረ።]

ፕሮፌሰር፦ ለዚህች ነው? ለዚህች ብዬ ነው ጀልባ የቀረብኝ? እዚህ ወንበር ላይ ስንቱን መላጣ አስቀምጬ «ወንድ ልጅ በፀጉሩ አይለካም፣ ላጨውና ተገላገል» ብዬ ሸኝቻለሁ መሰለህ! ያን እየተናገርኩ እኮ በጓሮ በኩል የራሴን ሳስተኛ ነበር። ልጅቷ ሦስት ጊዜ «ኦኬ» ስትለኝ፣ ልቧ እየተሰበረ፣ እኔ እንደ ሙሽራ ደስ ብሎኝ ቤቴ ገባሁ። ሰው ሳስተምር ኖሬ ሰው መስማት አልተማርኩም። ደንቆሮው አንተ አይደለህም ቆይማ። እኔ ነኝ።

ቆይማ፦ እሱንም ሰፈሩ ያውቃል።

[በሩ ላይ ጥላ ወደቀ። እጮኛው ናት። ገባ ብላ ቆመች፤ አናቱን አየች፤ ወደ ቆይማ ዞራ ደግሞ በዓይኗ አመሰገነችው። ፕሮፌሰር ጨርቁን ከአንገቱ አወለቀ፤ ቦርሳውን አነሣ፤ እንደ ተማሪ ተከትሏት ወጣ።

ውጭ መንገዱ ላይ ነፋስ አለ፤ አቧራና ወረቀት ያንከባልላል። ልማድ ክፉ ነውና የፕሮፌሰር ቀኝ እጅ ሽቅብ በረረ። አናቱ ላይ የሚይዘው ነገር አጣ። ምን እንደሚያደርግ ግራ ገብቶት አየር ላይ እንደቆመ፣ እሷ ከላይ አወረደችና በሁለት እጇ ያዘችው።]

እጮኛው፦ ለካ እጅ አለህ!

ፕሮፌሰር፦ እኔም ገና ዛሬ መስማቴ ነው።